ስለ ሰዓት ልዩነት፦ ቁጥሩን ሳይሆን የእንግዳውን ከተማ ሙሉልን

ውድ ደንበኞቻችን፣

የጥምቀት ቀጠሮ መቀበል ሳትጀምሩ ይህን ደብዳቤ እንድታነቡልን እንፈልጋለን። ብዙዎቻችሁ እየደወላችሁ አንድ ነገር ትጠይቁናላችሁ፤ የቀጠሮ ሲስተሙ ለምን የእንግዳውን ከተማ አምጡ ይላል፣ የሰዓት ልዩነቱን በቁጥር ብንሞላው ምን ችግር አለው? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ትንሽ ሰፋ ይላል።

የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይነካም። ኢትዮጵያ ዩቲሲ ከሚባለው የዓለም መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች፣ አለቀ። እንግዶቻችሁ የሚኖሩባቸው አገሮች ግን አብዛኞቹ እንዲህ አይደሉም። አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ትመልሰዋለች። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ በማርች የመጨረሻ እሑድ ይገፉና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይመልሳሉ። ስለዚህ ዋሽንግተን ከጎንደር አንዳንዴ በ7፣ አንዳንዴ በ8 ሰዓት ወደኋላ ናት። በርሊን በ1 ወይም በ2። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችን ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ከእኛ ጋር እኩል ናቸው፣ በቀሩት ወራት በአንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራሉ። ለእያንዳንዱ አገር አንድ ቁጥር በቃሉ የያዘ ሰው የዓመቱን ግማሽ ያህል ይሳሳታል ማለት ነው።

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ቀጠሮው በሚውልበት ቀን እንጂ ቀጠሮው በተያዘበት ቀን አይደለም። አንድ አስጎብኚ በመስከረም ዋሽንግተን ካለ ቤተሰብ ጋር ተነጋግሮ የጥምቀትን ሥርዓት ከፋሲል መዋኛ በቀጥታ ቪዲዮ ላሳያችሁ ብሎ ተስማማ እንበል። የሚጀምረው ለጥር 11 አጥቢያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ንጋት 5 ሰዓት ነው። በመስከረም ስልኩን ከፍቶ ቢያይ ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው። ያንን ቁጥር ይዞ ሲቀንስ፣ ለቤተሰቡ ጃንዋሪ 18 በእነሱ አቆጣጠር ማታ 10 ሰዓት ብሎ ይጽፍላቸዋል። ጥር ላይ ግን ልዩነቱ 8 ሆኗል። ትክክለኛው ሰዓት ማታ 9 ነበር። ቤተሰቡ አንድ ሰዓት አርፍዶ ይገባል። ለዚህ ቀን ስንት ወር የጠበቀ ሰው ያቺን አንድ ሰዓት ሲያጣት በጣም ያሳዝናል፣ ደግሞ ማንም መልሶ ሊያመጣለት አይችልም። ከተማውን ከሞላችሁልን ግን ሲስተሙ የቀጠሮውን ቀን አይቶ የዚያን ቀን ልዩነት ራሱ ያወጣል።

ሁለተኛው ነገር የእኛው ሰዓት አቆጣጠር ነው። እኛ ቀኑን ከንጋት እንጀምራለን፣ ኮምፒውተር ከእኩለ ሌሊት። የ6 ሰዓቱ ልዩነት የአጻጻፍ ጉዳይ ብቻ ነው። ጊዜው ራሱ አንድ ነው። በመሆኑም ሲስተሙ ውስጥ 6 የሚቀነሰው ለእናንተ ስክሪን ላይ ሲታይ ብቻ ነው፤ ለእንግዳው የሚላከው ደብዳቤ በእሱ አቆጣጠር ይሄዳል። እባካችሁ ለእንግዳ በእጃችሁ ስትጽፉ «3 ሰዓት» ብቻ ብላችሁ አትተዉት።

ሌሊቱ ደግሞ የባሰ ያምታታል። «የከተራ ሌሊት 11 ሰዓት» ስንባባል እዚህ አራዳ ገበያ ላይ ማንም አይጠፋበትም፤ ሊነጋ ሲል ነው፣ ነገ ጥምቀት ነው። ለኮምፒውተር ግን ያ ሰዓት ጥር 11 ገብቷል። ዋሽንግተን ላለው ቤተሰብ ደግሞ ገና ያለፈው ቀን ማታ ነው። ስለዚህ የሌሊት ቀጠሮ ስትመዘግቡ ቅጹ «ለየትኛው ቀን አጥቢያ?» ብሎ የሚጠይቃችሁን አትዝለሉት።

አሁን ደግሞ የራሳችሁን ስክሪፕት፣ ማለትም ትንሽ ፕሮግራም፣ ጽፋችሁ ከእኛ ሲስተም ጋር ላገናኛችሁት። አብዛኞቻችሁ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው የምትጠቀሙት። ከ3.9 ስሪት ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ፣ የከተሞችን ሰዓት የሚያውቅ ዞንኢንፎ የሚባለው ክፍል አብሮት ይመጣል፣ እሱን ተጠቀሙ። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ቲዚዳታ የሚባለውን ጥቅል ለብቻው መጫን ያስፈልጋል፣ አለዚያ የከተማውን ስም አላውቅም ይላችኋል። ሰዓት ስትፈጥሩ የሰዓት ዞኑን፣ ማለትም የየትኛው ከተማ ሰዓት እንደሆነ፣ አብራችሁ ስጡት። ዞን የሌለው ሰዓት የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ስክሪፕቱ የሚሠራበት ማሽን የራሱን ሰዓት ይገምትላችኋል። ሰርቨራችሁ ደግሞ ጎንደር ላይሆን ይችላል። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ለመለወጥ አስታይምዞን የሚለውን ትእዛዝ ጥሩ። ሪፕሌስ የሚለው የዞኑን መለያ ብቻ ነው የሚቀይረው፣ ሰዓቱን አያሰላም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል።

አንድ የሚገርም ነገር ደግሞ አለ። ፓይቲዚ የሚባለውን፣ ከዞንኢንፎ በፊት ለዚሁ ሥራ ያገለግል የነበረ የቆየ ላይብረሪ ይዛችሁ ዞኑን ሰዓቱ ሲፈጠር በቀጥታ ከሰጣችሁት፣ የአዲስ አበባ ሰዓት ከዩቲሲ በ3 ሰዓት መቅደሙ ቀርቶ በ2 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ሆኖ ይመጣል። ምክንያቱም በዓለም የሰዓት ዞኖች መዝገብ የአዲስ አበባ ስም ከናይሮቢ ጋር የተያያዘ ነው፣ ላይብረሪው ደግሞ የሰዓት ዞን ሳይወጣ በፊት በፀሐይ ይቆጠር የነበረውን የናይሮቢን የድሮ ሰዓት ያነሳል። እና ቀጠሮ በ33 ደቂቃ ተዛብቶ ካያችሁ ሌላ ቦታ አትፈልጉ፣ ይሄ ነው። ሎካላይዝ የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ፣ ወይም እንዲያውም ወደ ዞንኢንፎ ዙሩ።

የሰዓት ዞኖቹን መዝገብም በየጊዜው አድሱት። አገሮች ሕጋቸውን ይቀይራሉ። ግብፅ ትታው የነበረውን ሰዓት የመግፋት ልማድ እ.ኤ.አ. በ2023 መልሳ አምጥታዋለች። የአውሮፓ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2019 ሰዓት መቀያየሩ ይቅር ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነበር፣ አገሮቹ ስላልተስማሙ እስካሁን እንዳለ ነው። ነገ ሊስማሙ ይችላሉ። ለዚህ ነው እኛ የወደፊት ቀጠሮን ስናስቀምጥ የተሰላ ውጤት ብቻ የማናስቀምጠው፤ የተባባላችሁትን ሰዓት ከነከተማው እንይዛለን፣ ሕጉ ቢለወጥ እንደገና ይሰላል።

ከእናንተ የምንፈልገው ትንሽ ነው። ለጥር አስቀድማችሁ የያዛችኋቸው ቀጠሮዎች ካሉ ክፈቱና የከተማ ቦታው ባዶ የሆነውን ሙሉ። እንግዳው አሜሪካ ነኝ ካለ የትኛው ከተማ ብላችሁ ጠይቁት፣ አሜሪካ ብዙ ሰዓት አላት፤ አሪዞና ውስጥ አብዛኛው ቦታ ጭራሽ ሰዓት አይገፋም። ስክሪፕት ያላችሁ ደግሞ ከከተራ ሳምንት በፊት ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ፒያሳ ቢሯችን ብቅ በሉ፣ አብረን እናየዋለን። ክፍያ የለውም።

አክባሪዎቻችሁ፣
የቀጠሮ ሲስተሙ አዘጋጆች
ጎንደር