ፈንገስ ክፍል ለተመደብሽው ልጄ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ የድሬ ሙቀት ብቻ አላስቀምጥ ብሎናል። በስልክ «ፈንገስ ክፍል ወረወሩኝ» ስትይኝ ቅር አለኝ። ዕድሜዬን ላቦራቶሪ ውስጥ ነው ያሳለፍኩት፤ ካንዲዳ አልቢካንስ የሚባለውን ፈንገስ የሚያህል ጉደኛ ግን አላየሁም።

ብዙ ጤነኛ ሰው አፉና አንጀቱ ውስጥ ይዞት ይኖራል። ክብ እርሾ ሆኖ፣ ማንንም ሳይነካ። አንቲባዮቲክ ጎረቤቶቹን ባክቴሪያዎች ሲጨርስለት ወይም የሰውየው አቅም ሲዳከም ግን ይነሳል። ከክቡ ሴል ረጅም ክር ያወጣና ሥጋ ሰርስሮ ይገባል። ክሩ ካንዲዳላይሲን የሚባል መርዝም ያመነጫል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ እኛ ስንማር ማን ያውቀው ነበር!

ነጭ የደም ሴል ሲውጠውም ዝም ብሎ አይሞትም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚባል ገዳይ ኬሚካል ሲለቀቅበት ካታሌዝ በሚባል ኢንዛይሙ ያከሽፈዋል። ከዚያ እዚያው ክሩን አስረዝሞ የዋጠውን ሴል ቀዶ ሊወጣ ይችላል። ትኩሳትም ቢሆን ክር እንዲያወጣ ይገፋፋዋል። ሲጨንቀው ነው የሚከፋው።

ይህንን በዓይንሽ የምታዪው አንቺ ነሽ። ግማሽ ሚሊ ሊትር ሴረም (ከደም የሚለየው ፈሳሽ) ውስጥ ከኮሎኒው፣ ማለት ሳህኑ ላይ ካደገው የፈንገስ ክምር፣ ነካ አድርገሽ ጨምሪ። አታብዢው፤ ሲበዛ አያበቅልም። ከ2 እስከ 3 ሰዓት 37 ዲግሪ ላይ ይቆይ። «ቤቱ ይሞቃል» ብለሽ ጠረጴዛ ላይ እንዳትተዪው፤ የሐረር አየር ደግሞ ከኛ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ጠብታዋን ስላይድ ላይ አድርገሽ በ40ው ሌንስ እዪ። ብቅል ጭራ እንደሚያወጣ፣ ከሴሉ ቀጭን ቱቦ፣ ጀርም ቲዩብ የምንለው፣ ወጥቶ ታገኛለሽ። ሥሩን ልብ በዪ፦ ከሴሉ ሲወጣ አንገቱ ከጠበበ ጀርም ቲዩብ አይደለም፣ ትሮፒካሊስ የሚባለው ሌላ የካንዲዳ ዝርያ ሊሆን ይችላል። ከ3 ሰዓት ካሳለፍሽው ሌሎቹ ዝርያዎችም ያሳስቱሻል። ዱብሊንየንሲስ የሚባለው ዝርያም እንደ አልቢካንስ ያበቅላል፤ እሱን መለየት ሌላ ምርመራ ይፈልጋል።

አደራ፣ ሰው ወረፋ ላይ ጮኸ ብለሽ ሰዓቱን አታሳጥሪ። ሳይበቅል «ኔጌቲቭ»፣ ማለት አልቢካንስ አይደለም፣ ብለሽ የጻፍሽው ወረቀት ሐኪሙ እጅ ይገባል። ክሩሴይ የሚባለውን ዘመዱን ፍሉኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት አይበግረውም፤ ዝርያው ካልታወቀ በሽተኛው የማይሠራ መድኃኒት ሲውጥ ይከርማል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው ዝርዝር አልቢካንስን ከአሳሳቢዎቹ አራት ፈንገሶች አንዱ አድርጎታል። ትንሽ ክፍል አይደለም የተሰጠሽ፣ የኔ ልጅ።

አንገቱ ግራ ካጋባሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።

እናትሽ፣ ከድሬዳዋ