ከሚላኖ፣ ከፖርታ ቬኔዚያ ሰፈር፣ ከብዙ ዝምታ በኋላ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር እንኳ ሳልጽፍልሽ ቀረሁ። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ፣ ከዚያ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ አፈርኩና ስትደውዪም ማንሳት ከበደኝ። ይቅር በይኝ። ዛሬ ያስጻፈኝ መጽሐፍ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ካንቺ ሌላ ለማን አወራለሁ?

የጣሊያናዊውን ደራሲ የማንዞኒን ልብ ወለድ «እጮኛሞቹ»ን ታስታውሻለሽ? ሬንዞና ሉቺያ ሊጋቡ ሲሉ አንድ ጉልበተኛ ባላባት ሰዎቹን ልኮ ቄሱን መንገድ ላይ አስፈራርቶ ሰርጉን የሚያስቀርባቸው። ያኔ እንግሊዝኛውን ፈልገሽ ጀመርሽውና አልገፋ ብሎሽ ተውሽው። እ.ኤ.አ. በ2022 ማይክል ሙር የሚባል ተርጓሚ እንደ አዲስ ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል። ከእሱ በፊት ሰው ሲያነብ የኖረው የ1972ቱን ነበር፤ ሃምሳ ዓመት እኮ ነው! ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ጣሊያንኛውንና እንግሊዝኛውን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግቼ አነባለሁ።

የቆየ መጽሐፍ በዛሬ ቋንቋ አይነካ የሚሉ አሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም። ማንዞኒ ራሱ ቤቱ የሚያወራው በሚላኖ ዘዬ ነበር፣ ደብዳቤም በፈረንሳይኛ ይጽፍ ነበር። መጽሐፉን በ1827 ካወጣ በኋላ ፍሎረንስ ድረስ ሄዶ፣ ሰዉ በአፉ የሚናገረውን ጣሊያንኛ ሰምቶ፣ ቃል በቃል እየፈተሸ እንደገና ጻፈው፤ ያ እትም ከ1840 እስከ 1842 ድረስ በክፍል በክፍል ወጣ። «ልብስን በአርኖ ወንዝ ማጠብ» የሚባለው አነጋገር ከዚህ የመጣ ነው፤ አርኖ የፍሎረንስ ወንዝ ነው። ለሕያው ቋንቋ ይህን ያህል የለፋን ሰው ማንም በማይናገረው እንግሊዝኛ ማስነበብ እሱን መበደል ነው የሚመስለኝ።

አንድ ቦታ ግን ሁለት ማታ ይዞኛል። ምዕራፍ 10 ላይ፣ አባቷ በልጅነቷ አግባብቶና አስጨንቆ ገዳም ያስገባት የሞንዛዋ መነኩሲት አለች። አንድ ቀን ከጎረቤት ቤት መስኮት አንድ ወንበዴ ያናግራታል። ማንዞኒ በመጀመሪያው ረቂቅ ነገሩን በሰፊው ተርኮት ነበር፤ በኋላ ሁሉን ሰረዘና ሦስት ቃል ብቻ አስቀረ። «ላ ስቬንቱራታ ሪስፖሴ።» ዕድለ ቢሷ መለሰች። አየሽ፣ በእኛ ቋንቋ እንዴት ቁጭ አለ! «ቢሷ» ስንል ሴት መሆኗ ታወቀ፣ አለቀ። እንግሊዝኛ ግን ቅጽሉ ጾታ አይለይም፤ «ሴት» የሚል ወይም ሌላ ስም ካልተጨመረ ዓረፍተ ነገሩ አይቆምም። አንድ ቃል በገባ ቁጥር ደግሞ ከኋላዋ ያለው ጸጥታ ይሳሳል። ተርጓሚ ስንት ሌሊት እዚህ ጋ እንደሚቀመጥ አሁን ገባኝ።

ደግሞ የምኖርበትን ሰፈር ብታዪ! የ1630 ቸነፈር ሚላኖን ሲፈጅ ድውያኑ የሚሰበሰቡበት ላዛሬቶ እዚሁ ፖርታ ቬኔዚያ ነበር። ሬንዞ ሉቺያን ፈልጎ የሚያገኛት እዚያ ነው። አብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈርሷል፤ ሳን ግሬጎሪዮ መንገድ ላይ ቁራጭ ግንቡ፣ መሃሉ የነበረችው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እስካሁን አሉ። ዙሪያውን የሐበሻ ምግብ ቤቶች ናቸው። በርበሬ ልገዛ ስወጣ በዚያ ነው የማልፈው፤ ሁልጊዜም ቆም ብዬ ግንቡን አየዋለሁ።

እንግሊዝኛውን በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። ሙር ያቺን ዓረፍተ ነገር እንዴት እንዳደረጋት አልነግርሽም፣ ራስሽ እያት። ምዕራፍ 10 ስትደርሺ ደውዪልኝ። አነሳለሁ።

የአንቺው