ለቆርኪ፣ ስለ ኮከቡ

ቆርኪዬ፣

እንዴት ነሽ? መደወል አፍሬ ነው የጻፍኩት። ስልክሽን እያወጣሁ ስንቴ መልሼ ዘጋሁት። ከደሴ ኮምቦልቻ ሐረጎን መውረድ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ጅዳ ያለሽ አስመስዬ ተቀመጥኩ። ለአባባ ለቅሶ አለመምጣቴን... እሱን ስመጣ እግርሽ ላይ ወድቄ እናገረዋለሁ፤ በወረቀት አይሆንልኝም። ይቅር በዪኝ።

አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። ሳቂ እንግዲህ፤ የስንደዶ ኮከብ መሥራት አቃተኝ።

ልጄ ለገና የፈለገችው ፒያሳ ያየችውን የፕላስቲክ ዛፍ ነበር፤ ያንን መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለውን። ልገዛላትም ነበር፣ ያንን የብስኩት ካርቶን ከቁም ሳጥኑ ላይ ባላወርድ ኖሮ። የወጣውን ብታዪ! በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት የጠቀለልናቸው የክብሪት ቀፎዎች። በጥፍር ቀለም የቀባናቸው የተቃጠሉ አምፖሎች፤ ሁለቱ እስካሁን አልተሰበሩም። በድንጋይ ጠፍጥፈሽ በሚስማር የበሳሻቸው ቆርኪዎችሽም ዛጉ እንጂ አሉ። ጥጡ ብቻ የለም። እሱንማ እማዬ ከትራሷ እንደሰረቅነው ያወቀች ለት መልሳ ወሰደችው፤ "በረዶ ካማራችሁ ጦሳ ውጡ" ብላ።

ፎቶውም እዚያው ነበር። ጥዱ በዘይት ጣሳ ውስጥ ዘመም ብሎ፣ አናቱ ላይ ኮከብሽ። ልጄ እሱን አየችና ፕላስቲኩን ረሳችው። አሁን ሌላ ወሬ የላትም።

ሰኞ ገበያ ሄጄ ስንደዶና አክርማ ገዛሁ። ወስፌ ከጎረቤት ለመንኩ። እኔ ሰፌድ እንኳ ሰፍቼ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። ቀጥ ያለውን እንደምንም እሄድበታለሁ፤ ጫፉ ላይ ደርሼ ላጥፈው ስል ቀጭ ይልብኛል። አክርማውን ውኃ ነክሬዋለሁ። ስንደዶውም ይነከራል እንዴ? ወይስ አምስቱን ጫፍ ለየብቻ ሰፍተሽ ነው የገጣጠምሽው? ጠርዙ ላይ ሐምራዊ ነገር ነበረው፤ ክር ይሁን የተነከረ አክርማ ከፎቶው አይለይም። ጣቴ ወንፊት ሆኗል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ይህንን ሳልነግርሽ እንድታስተምሪኝ መጠየቅ ደፋርነት ነው።

በ2014 ከስደት ስንመለስ ቤታችን ተበርብሮ አገኘነው፤ ኮከብሽም አብሮ ሄደ ብዬሽ ነበር። ውሸቴን ነው። ስንደዶ ለሌባ ምን ያደርግለታል? ቴሌቪዥኑን፣ ፍራሹን፣ የእማዬን ጀበና ሳይቀር ወሰዱ፤ ካርቶኑን ግን ወለሉ ላይ ገልብጠውት ነው የሄዱት። ኮከቡ ከዚያ በፊት ነው የጠፋው። አንቺ አግብተሽ በሄድሽበት ዓመት ዛፉን ብቻዬን አስጌጥኩና ሻማ አበራሁበት። "ወላሂ ይያያዛል" ትዪኝ ነበር። ተያያዘ። በነጠላዬ አፍኜ አጠፋሁት፤ ነጠላዬም ተቃጠለ። እግዜር አተረፈኝ እንጂ ቤቱም ይሄድ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? በኋላ ከተማው ሁሉ የተዘረፈውን ሲቆጥር፣ እኔም ኮከቡን እዚያ ውስጥ ሸጎጥኩት። አንቺም አምነሽ አጽናናሽኝ። ከቃጠሎው ይልቅ ያ ማጽናናትሽ ነው እስካሁን የሚያሳፍረኝ።

ጥዱ መጥቷል፤ ቅርንጫፍ ነው እንጂ ዛፍም አይባል። አባባ "ዛፍ ደጅ ነው የሚያምረው፣ ምን ሊሆን ቤት ይገባል" እያሉ ጣሳው ውስጥ ድንጋይ ይወትፉልን አልነበር? ዘንድሮ ራሴ ወተፍኩ። ወደ ግራ ያዘነብላል።

ገና 29 ነው፤ ቀኑ ደርሷል። አስተጣጠፉን በድምፅ ቅረጪና ላኪልኝ። ወይም ቅዳሜ ስንደዶውን ይዤ ልውረድ? ቡናውን እኔ አመጣለሁ። እትዬ ቤት ካሉ ግን ቀድመሽ ንገሪኝ፤ እሳቸውን ምን ብዬ እንደማያቸው አላውቅም።

ወስፌሽንም አዘጋጂ። የጎረቤቴን "መልሺ" ብላኛለች።