ስለ እሁዱ ጥያቄ፦ ብር ለምን ልብስ ይለብሳል?

ሰላም ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እሁድ ሐረር ላይ ቡና እየጠጣን የተነሳችው ጥያቄ ሳትመለስ ቀርታለች፣ እነሆ።

ጀጎል የምታዩት የብር ጌጥ ሲቆይ የሚጠቁረው አየር ላይ ያለ የድኝ ጋዝ ስለሚያገኘው ነው። ጌጡን ወልውለን እናነጣዋለን። የብር ናኖ ቅንጣት (በዓይን የማትታይ የብር ፍንካች) ግን ምኑ ይወለወላል? 50 ናኖሜትር የምታክለዋ (ፀጉራችን ውፍረቱ ወደ 80,000 ይጠጋል) ትንሽ ከተበላች አለቀላት። ስለዚህ ስስ የሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) ወይም የአሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ልብስ ያለብሷታል።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብርሃን ሲያርፍባት ኤሌክትሮኖቿ አብረው ይወዛወዛሉ፣ ገጿ ላይ የብርሃኑ ጉልበት ይበረታል፣ አንዳንዱ ኤሌክትሮን ደግሞ ጎን ወዳለው ሞለኪውል ዘሎ ትስስሩን ሊቀይር ይችላል። ልብሱ 2 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ቀዳዳ ከሌለው፣ ዘላዩን በአብዛኛው ያግደዋል፣ የበረታውን ብርሃን ግን ያሳልፋል። በ2010 የቻይናው ሺያመን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወርቅን እንዲህ አልብሰው ሞለኪውሎችን በራማን መሣሪያ (ሞለኪውልን ከሚበትነው ብርሃን የሚለይ) አዩ። ለማየት ልብሱ ግሩም ነው። ኬሚስትሪውን በኤሌክትሮን ለማስኬድ ለሚፈልግ ግን ያው እንቅፋት ነው፤ እኔን የሚያስቀኝ ይሄ ነው።

ድሬዎች «ትስስሩን የሚቀይረው ሙቀቱ ነው እንጂ ኤሌክትሮን አይደለም» ማለታችሁ አይቀርም። አትሳቁ፣ ሳይንቲስቶቹም በዚሁ ይጨቃጨቃሉ፤ ብርሃኑ ቅንጣቷን ያሞቃታላ።

የሚቀጥለው እሁድ ከዚራ ነን። የጠቆረ ብር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።