ግልጽ ደብዳቤ፦ ስልኩ ቢጮህ ምጥ የያዛት ሴት ወዴት ትሩጥ?

ለዞናችን የአደጋ መከላከል ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ ክቡር ኃላፊ። በማመልከቻ ስንጠይቅ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባልን። የሚመለከተው ክፍል ደግሞ ወደ እርስዎ መለሰን። ስለዚህ በአደባባይ ልጻፍልዎ።

ነገሩን ያውቁታል። የጤና ጣቢያችን ማዋለጃ ክፍል ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያው ተሰንጥቋል። ስንጥቁ እጅ ያስገባል፤ አዋላጇ ብርድ እንዳይገባ የነጠላ ቅዳጅ ወትፋበታለች። አልጋው እሥሩ ነው። የወንድሜ ሚስት እዚያ ነው የወለደችው። ምጡ ሲያፋፍማት ግድግዳውን ልትደገፍ እጇን ስትዘረጋ፣ እናቴ «ኧረ እሱን እንዳትነኪው!» ብላ ያዘቻት።

እርስዎ ደግሞ በሆቴል አዳራሽ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥልጠና አዘጋጁ። ባነር፣ ኮፍያ፣ አበል፣ ምን የጎደለ ነበር? እኔም ገብቼ ሰማሁ። ትምህርቱ አይከፋም፣ እውነቴን ነው። መሬት ሲናወጥ ሁለት ዓይነት ሞገድ ይነሣል፤ ፊተኛው በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፣ ጉዳቱ ግን ትንሽ ነው። ቤት የሚያፈርሰው ኋለኛው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው የሚሄደው። ንዝረት መለኪያ መሣሪያው ፊተኛውን ይይዝና የማስጠንቀቂያ መልእክቱ ኋለኛውን ቀድሞ በስልክ ይደርሳል። ጃፓን ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕዝቧን እንዲህ ታስጠነቅቃለች። ትንበያ አይደለም፤ መሬቱ መናወጥ ከጀመረ በኋላ የሚመጣ ነው። መነሻው አጠገብ ላለ ሰው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

እሺ፣ እኛስ? አዋሽ አካባቢ ካለው ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ እኛ እስካለንበት ደብረ ማርቆስ በአየር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የካቲት 2017 ዓ.ም. እዚያ አካባቢ የተነሣው 6 ሬክተር ገደማ ዓይነት ቢደገም፣ ስልካችንም ቶሎ ቢጮህ፣ አንድ ደቂቃ ገደማ እናገኛለን። ከዚያ ርቀት የሚደርሰን ንዝረት ለጤነኛ ግድግዳ ቀላል ነው። ለዚህኛው ግን እንጃ! ምጥ የያዛት ሴት በአንድ ደቂቃ ምን ታድርግ ብዬ አሠልጣኙን ጠየቅሁት። «ጠረጴዛ ሥር ትግባ» አለኝ። ሰው ሳቀ። ክፍሉ ጠረጴዛም የለው።

የሕንፃ ደንቡን ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ አላስተምርዎትም። የኮፍያው ብር ስንት ብሎኬት እንደሚገዛም አልጠይቅም። ግድግዳው እስኪሠራ እናቶቹ የሚዛወሩበት ክፍል አለ፤ መድኃኒት ይገባበታል ተብሎ ባዶውን የተቆለፈው። ቁልፉ እርስዎ ቢሮ ነው። ይላኩልን።