ገንዘቡ ያለቀበት ተጫዋች ስንት ይወስዳል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰሞኑን በመዝናኛ ገጻችሁ ስለ ፖከር ያወጣችሁት ጽሑፍ አደላደሉን በሚገባ ያስረዳል። ሁለት ካርታ በእጅ፣ መሃል ላይ መጀመሪያ 3፣ ከዚያ 1፣ በመጨረሻ 1፤ ውርርዱም ካርታው እንደታደለና ከእያንዳንዱ ገለጣ በኋላ፣ በድምሩ አራት ጊዜ። ውርርዱ ራሱ እንዴት እንደሚካሄድ ግን በሁለት መስመር አልፋችሁታል። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ ከጫት በኋላ ጭቅጭቅ የሚነሳው እሱ ላይ ነው (በቆርኪ ሲጫወቱም ሰው ይኳረፋል)።

ጭማሪ ከቀደመው ጭማሪ ማነስ የለበትም። አንዱ 20 ቢያስይዝና ሌላው 60 ቢያደርሰው፣ የተጨመረው 40 ነው፤ ሦስተኛው ልጨምር ካለ ቢያንስ 100 ያድርስ። 20 ወርውሮ የሰው ፊት ካየ በኋላ እጁን ወደ ቆርኪው የሚመልሰውን አትቀበሉት። ወይ መጠኑን አስቀድሞ ይናገር፣ ወይ ባንዴ ያስቀምጥ።

ትልቁ ጠብ ያለው ግን ሰው ያለውን ሁሉ ሲያስገባ ነው። አንዳንዱ ጠረጴዛ «ካልሞላልህ ካርታህን ጣል» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ካሸነፈ ክምሩን በሙሉ ያሸክመዋል። ሁለቱም ልክ አይደለም። አብዲ የቀረውን 100 አስገባ፤ ጫላና ከበደ 300፣ 300 አስያዙ እንበል። ከየሦስቱ 100 ተነስቶ 300 ለብቻው ይከመራል፤ ሦስቱም ይወዳደሩበታል። የተረፈው 400 የጫላና የከበደ ብቻ ነው። አብዲ ከሁሉም የሚበልጥ ካርታ ቢይዝ እንኳ የሚያነሳው 300ውን ነው፤ 400ው ከሁለቱ ለተሻለው ይሄዳል። ክምሮቹን ለመለየት ታዲያ የሚቀጥለው ካርታ እስኪገለጥ አትጠብቁ፤ አንዴ ከተደባለቀ ማን ስንት እንዳስገባ የሚያስታውስ አይገኝም።

እኩል ሲመጣም «ቀይ ልብ ከጥቁር ይበልጣል» የሚባል ነገር ፖከር ውስጥ የለም። ሁለቱም ጥንድ አስ ከያዙ በቀሪዎቹ ካርታዎች ትልቅ ያለው ይወስዳል፤ በእጅና በመሃል ካሉት ሰባት ካርታዎች የሚመረጡት ምርጥ አምስቱም እኩል ከሆኑ ክምሩ ይካፈላል።

በመጨረሻም፣ በሰንጠረዣችሁ ተከታታይ ቁጥር ያላቸውን አምስት ካርታዎች አንድ ዓይነት ምልክት ካላቸው አምስት በላይ ማስቀመጣችሁ ስህተት ነው። ደረጃው የሚወጣው በብርቅነት ነው፤ ከ52 ካርታ ከሚወጡት 2,598,960 የአምስት ካርታ ስብስቦች አንድ ዓይነቶቹ 5,108፣ ተከታታዮቹ 10,200 ናቸው (ሁለቱንም የሚያሟሉት ለብቻቸው ስለሚቆጠሩ እዚህ አልገቡም)። በሚቀጥለው እትም ብታርሙት፤ ሰንጠረዡን ቆርጦ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ቤት አለ።

የካርታ ተጫዋቾች፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ