ለእማዬ፣ ከመርፌው በፊት

ደሴ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንዴት ነሽ እማዬ? ደረትሽ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው። ብርዱ ግን ገብቷል። ጠዋት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ እጅ ያደነዝዛል።

ደብዳቤውን በርበሬውን አሜሪካ ለሚያመጣልሽ ሰው ነው የሰጠሁት። ስልክ እያለ ምን አስጻፈሽ እንዳትዪኝ። በስልክ አንቺ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ትያለሽ። ወንድሜ ስፒከሩን ከፍቶ አጠገብሽ ይቀመጣል። ከዚያ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። የልባችንን ሳንጫወት እንዘጋለን።

ወንድሜ ሁሉንም ነግሮኛል፣ በሞቴ እንዳትቆጪው። ሐኪሟ ለአስምሽ መርፌ ጀምሪ እንዳለችሽ፣ የመጀመሪያውን በሚመጣው ሳምንት እንደምትወጊ ነገረኝ። አንቺም «መርፌ ከደረስኩማ አበቃልኝ፣ አገሬ ልግባ» እንዳልሽ ነገረኝ። እኛ ዘንድ መርፌ ተጀመረ ሲባል ሰው እንዲህ ነው የሚደነግጠው፣ አውቃለሁ። ከታች ያሉት ሐጂ ኢንሱሊን ጀመሩ የተባለ ቀን ሰፈሩ ለቅሶ ሊቀመጥ ምንም አልቀረው። ይኸው ዛሬም ሰኞ ገበያ ራሳቸው ወርደው ይሸምታሉ። ዋጋ ሲከራከሩ ደግሞ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል።

የመርፌውን ስም ወንድሜ ጽፎ ላከልኝ። ሜፖሊዙማብ ይባላል፣ የገበያ ስሙ ኑካላ ነው። ጤና መኮንን የሆነችውን ጓደኛዬን ቤት ጠርቼ አስረዳችኝ። እኔም ለአንቺ እንዲገባሽ አድርጌ ልጻፈው።

ይሄ መርፌ ድሮ ሌሊት ሲያፍንሽ ሆስፒታል ሮጠን ከምናስወጋሽ መርፌ ጋር አንድ አይደለም። ያኛው የተዘጋውን ለዚያች ሰዓት የሚከፍት ነበር። ይሄኛው ሲያፍንሽ የሚወሰድ አይደለም፣ እንዳያፍንሽ ነው። በየአራት ሳምንቱ አንዴ፣ 100 ሚሊግራም፣ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ጭን፣ ሆድ ወይም ክንድ ላይ ነው። ደማችን ውስጥ ኢዮሲኖፊል የሚባል የነጭ ደም ሴል አለ። አንዳንድ ሰው ላይ ይበዛና የሳንባውን ቧንቧ ከውስጥ ያሳብጠዋል። እንዲበዛ የሚያደርገው ሰውነት ራሱ የሚሠራው ኢንተርሊውኪን-5 የሚባል ነገር ነው። መርፌው እሱን ይይዘዋል። ያ ሲያዝ ሴሉ ይቀንሳል፣ እብጠቱም አብሮ ይቀንሳል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ደምሽን የመረመሩት። አስም ላለበት ሰው ሁሉ የሚሰጥ አይደለም። በአፍ የሚሳበው ፓፍም ክኒኑም አልበቃ ላለው፣ ደሙም እንዲህ ለሚያሳይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በፈረንጅ 2015 ነው። አንቺ ላይ የሚሞከር አይደለም ማለት ነው። የካንሰር ኬሞም አይደለም። ያቺ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛሽ ያለችሽን ተያት። ራስ ምታት ሊኖር ይችላል። የተወጋሽበት ቦታ ሊቀላና ሊያሳክክሽ ይችላል። ፊትሽ ወይም ከንፈርሽ ካበጠ፣ ሽፍታ ከወጣብሽ ወይም ከተወጋሽ በኋላ ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ዝም እንዳትዪ። ቶሎ ተናገሪ። ዝምታሽን ስለማውቅ ነው።

አሁን ስለ ፎቶው ልንገርሽ። ለመስቀል የላክሽውን። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሁሉ እኛ ቤት ነበር። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «ወይ አሜሪካ! ጉንጯን አያችሁት?» አለች አንዷ። «ተስማምቷታል፣ ልጅ ሆናለች» አለች ሌላዋ። እልል ያለችም ነበረች። እኔ ስኒ ሳጥብ ነበር። ቀና አላልኩም። ጉንጭሽን ያሳበጠው ምቾት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፕሪድኒሶሎኑ ነው። ያ ክኒን ሲቆይ ፊት ያሳብጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ የዓይን ሞራ ያመጣል። አንቺ ደግሞ ሲብስብሽ ስትወስጂው፣ ሲሻልሽ ስትተዪው፣ ስንት ጊዜሽ ነው። መርፌው ከሠራልሽ ትልቁ ጥቅሙ ከዚያ ክኒን ማውረዱ ነው። በራስሽ ግን እንዳታቆሚው፣ አደራ። ክኒኑ ሲቆይ ሰውነት ክኒኑን የሚመስል የራሱን ሆርሞን መሥራት ይተዋል። ድንገት ከተቋረጠ ሰው ይጥላል። ሐኪሟ ቀስ እያለች ትቀንስልሽ። ፓፉም እንዳለ ይቀጥላል። መርፌ ጀምሬያለሁ ብለሽ መሳቢያ ውስጥ እንዳትወረውሪው።

ለሐኪሟ ሁሉንም ንገሪያት። ፓፉን ስንት ቀን እንደዘለልሽ፣ ክኒኑን ከማን ተቀብለሽ እንደዋጥሽ፣ የት እንዳደግሽ ሁሉ። የሆድ ትል ነገር ከጠየቀችሽ እንዳታፍሪ። ያ የነገርኩሽ ሴል ሥራው አንዱ ትል መዋጋት ነው። ስለዚህ ትል ካለ መርፌው ሳይጀመር መታከም አለበት። ጥሬ ሥጋ እንደምንበላ፣ ስንት ጊዜ ኮሶ እንደጠጣሽ ንገሪያት። ሰገራ ስጪ ካሉሽ ስጪ። «ምን ይሉኛል» የሚለውን እባክሽ ለዚህ እንኳ ተዪው።

ይህን «ምን ይሉኛል» ጉዳይ ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ብዙ ጊዜ ልጠይቅሽ ፈልጌ ዋጥ አድርጌዋለሁ።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ሆስፒታል አደርን፣ አንቺና እኔ ብቻ። አባዬ ኮምቦልቻ የሌሊት ተራ ነበረበት። በማግስቱ ፈተና ነበረኝ፣ ቀረሁ። ወላጅ አምጪ ተባልኩ። አንቺ ነጠላሽን አጣፍተሽ መጣሽ። ዩኒት ሊደሩ «ልጅሽ የት ዋለች?» አለሽ። አንቺም «እኔ ምን አውቄ፣ ትምህርት ቤት የዋለች መስሎኝ» አልሽ። እኔ አጠገብሽ ቆሜያለሁ። ክንድሽ ላይ ግሉኮስ የገባበት ፕላስተር ገና አልተነሳም ነበር፣ በነጠላሽ ሸፍነሽዋል። ተንበረከክሁ። ኮረኮንቹ ላይ፣ ባንዲራው ሥር፣ ክፍል ሁሉ በመስኮት እያየኝ። አንቺ ዞር ብለሽ ሳታይኝ ሄድሽ። ማታ «ሳምባ ነቀርሳ ነው ይሉናል፣ ቤታችን ሰው አይገባም፣ አንቺንም የሚያገባሽ አይኖርም» አልሽኝ። ስለ መንበርከኬ ግን አንዲት ቃል አላልሽም።

እማዬ፣ ለምን? ሰው እንዳይሰማ ብለሽ መሆኑ ገብቶኛል። ግን እኔን አሳልፈሽ ሰጠሽኝ። ከዚያ ወዲያ ሲያስልሽ ማንም ሲጠይቀኝ «ጉንፋን ነው» እል ነበር። ሌሊት ሌሊት ትንፋሽሽን እየቆጠርኩ እተኛለሁ፣ ቀን ደግሞ ጉንፋን ነው እላለሁ። ልጅ ነበርኩ። ከበደኝ።

ስላሳደግሽኝ አመሰግናለሁ። በዚያ ትንፋሽ የገራዶን ዳገት ጤፍ ተሸክመሽ ወጥተሽ አብልተሽኛል፣ አልረሳውም። ያኛውም ግን አልወጣልኝም። ሁለቱም አሉ።

ልጆቹን ልንገርሽ። ትልቋ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ሒሳብ ጎበዝ ሆናለች፣ በማን እንደወጣች እንጃ። መካከለኛው ኳስ፣ ኳስ፣ ኳስ ነው። የላክሽለትን ጫማ አጥልቆ ካልተኛሁ ብሎን ነበር። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ «ት» እና «ስ» ተምታቶበታል። አንቺን «አያቴ» ሲል ብትሰሚው።

እሱ ክረምቱን ሌሊት ሌሊት ያስለው ነበር። ላልነግርሽ ነበር። እንዳትደነግጪ። አስመርምሬዋለሁ፣ አስም ነው ተብሏል። ቀላሉ ነው። ፓፍ ከነመሳቢያ ቱቦው ተሰጥቶታል። ለመምህሩ ነግሬያለሁ፣ ለክፍል አለቃውም ነግሬያለሁ፣ ፓፉ ቦርሳው ውስጥ ነው። ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ማንም ከቤታችን አልቀረም። ይህን ለመውቀስ አይደለም የምነግርሽ። እንድታውቂው ነው።

ከትናንት ወዲያ ኅዳር ታጠነ። እንደምታውቂው ነው፣ ሰዉ ቆሻሻውን እየጠረገ በየደጁ ይለኩሳል። በ1911 ዓ.ም. ሰው የፈጀው የኅዳር በሽታ ትዝታ ነው ይባላል። ለበሽታ ብለን የለኮስነው ጭስ ለአንቺም ለትንሹም በሽታ ነው። መስኮቱን ሁሉ ዘግቼ በር ሥር እርጥብ ጨርቅ ጎዘጎዝኩ። ዘንድሮ አንቺ እዚህ ባለመኖርሽ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው። ከዚያ ደስ ስላለኝ አለቀስኩ።

ስለዚህ የፈራሁትን ልበለው። አትምጪ።

ለመኖር አትምጪ። እዚህ ደሴ የጠየቅኋቸው ፋርማሲዎች የመርፌውን ስም እንኳ አልሰሙም። ዋጋው እዚያም በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። እዚያ ኢንሹራንሱ ይሸፍንልሻል፣ እዚህ ማን ይሸፍነዋል? መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። የእኛ ሰፈር መብራት ደግሞ አመሉን ታውቂዋለሽ። ጭሱ አለ፣ ከሰሉ አለ፣ ብርዱ አለ። የ2014ቱን ጥቅምትና ኅዳር አንቺም አልረሳሽውም። ፋርማሲው ሁሉ ዝግ፣ ስልክ የለ፣ መብራት የለ። አንዲት ፓፍ ይዘን ለነገ ትቆይ እያልሽ ስትቆጥቢያት፣ እኔ ባዶውን እያናወጥኩ ውስጡ የቀረ ካለ ስሰማ። ያንን ድጋሚ አልችለውም እማዬ። አቅሙ የለኝም።

«አገሬ ልግባ» ስትዪ ምን ማለትሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አባዬ አጠገብ ልቀበር ማለትሽ ነው። እሱ አይቀርም፣ የተፈራው ቀን ሲደርስ ወንድሜም እኔም ቃላችንን እንጠብቃለን። አሁን ግን ለመሞት እንዳትመጪብኝ። መርፌ ማለት አበቃ ማለት ቢሆን ኖሮ በየወሩ ያን ያህል ገንዘብ አያወጡብሽም ነበር።

መርፌው ሠራ አልሠራ የሚባለው ቢያንስ አራት ወር ታይቶ ነው። በአንዱ መርፌ ለውጥ አላየሁም ብለሽ እንዳትተዪው። ቀኑን ካላንደር ላይ ይጻፉልሽ። ወንድሜ ብዕር የሚመስለውን ዓይነት እቤት ራሱ ሊወጋሽ ከፈለገ አስቀድሞ ነርሷ ታሳየው። ከፍሪጅ አውጥቶ 30 ደቂቃ ያቆየው፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ እንዳይከተው፣ ሙቅ ውሃም እንዳይነክረው። ፍሪዘር ውስጥም እንዳይገባ። እዚያ ያሉት ልጆች ፍሪጁን እንዳይነካኩትም ንገሪያቸው። ቡና ስታፈሉ ደግሞ ዕጣኑን ተዉት። ቡናው ያለ ዕጣንም ቡና ነው።

ፋሲካ ዘንድሮ ሚያዝያ 4 ነው። እስከዚያ አራት ወሩም ይደርሳል። ያኔ ተሽሎሽ ከሆነ ለጥየቃ ነይ። በሁለት መርፌ መሃል ሦስት ሳምንት ይበቃናል። ሐኪሟን አስቀድመሽ ጠይቂያት፣ ፓፍሽንም ትርፍ አድርገሽ ያዢ። እዚህ ዳገቱ ላይ አታርፊም፣ ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ ነው የምትሆኚው። ቆላው ድሮም ለደረትሽ ይሻልሽ ነበር። አክስቴ አልጋውን መስኮቱ አጠገብ አድርጋዋለች። ማንደጃውንም ከሳሎን አስወጥታ በረንዳ ላይ አድርጋለች። እኔ ልጆቹን ይዤ በየቀኑ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ።

ስለ ትምህርት ቤቱ መልስ ከፈለግሽ ስልኩን ስትደውዪ ስፒከሩን አጥፊው። ካልፈለግሽም ስለ መርፌው ደውዪልኝ። የመጀመሪያውን እንደተወጋሽ ከራስሽ አፍ ልስማው፣ በወንድሜ በኩል አይሁን። ያመመሽን ያመመሽ ብለሽ ንገሪኝ።

የጡረታ ደብተርሽ ኮፒ ይፈለጋል ተብዬ ነበር፣ ኮፒውን ላኪልኝ። የጣሪያውን ቆርቆሮ አስቀይሬያለሁ፣ አያፈስም። ከበርበሬው ጋር ያለው ትንሹ ጠርሙስ ማር ነው፣ ከቦሩ ሜዳ የመጣ። ለሳል ነው ብለሽ መድኃኒቱን ትተሽ እንዳትልሺው፣ ለሻይሽ ነው።

ልጅሽ፣ ከደሴ